ያንተስ ቃል የታለ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ ድረስ መጣች። የምትማረው እዚሁ እንጅባራ ነው። እኛ ወጣት ሳለን ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ለማየት በአውቶቡስ እየተላተምን፣ መንገድ ላይ እያደርን፣ አዲስ አበባ ድረስ እንሄድ ነበር። ዛሬ በባጃጅ ይደረሳል፤ ጉድ እኮ ነው! ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀች ኖሯል። የተማሪን ውጤት ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ግለሰባዊና ማኅበራዊ ምክንያቶች ምንድን ናቸው የሚል መጠይቅ ይዛለች። በንጉሡ ዘመን ከዚህ አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት ጥቂቶች አንዱ እንደ ሆንሁ ሰው ነግሯት የእኔንም መልስ ፈለገች።

መነጽሬን አድርጌ መሙላት ጀመርሁ። የትውልድ ቦታ፣ ገጠር። የአባት ሥራ፣ ገበሬ። እስከዚህ ደህና። ቀጥሎ «የእናት የትምህርት ደረጃ» የሚል መጣ፤ ከሥሩ «ያልተማረች» የሚል ሳጥን አለው። እስክሪብቶውን አስቀመጥሁት።

«ምነው አባባ?» አለችኝ።

«ይህን ሳጥን አልነካውም።»

«ተምረው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ፊደልም አልቆጠረች።»

ምስኪን፣ ግራ ገብቷት አየችኝ። በእሷ የተቆጣሁ ሳይመስላት አይቀርም። ሻይ አስቀረብሁላትና ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኋት። ለእሷ የነገርኋትን ነው አሁን የምጽፈው፤ ለእሷ ያላወራሁትንም ጨምሬ።

ይህች እናት የወለደችኝ አይደለችም። የወለደችኝ ከሞተች በኋላ አባቴ ያገባት ናት። ወደ ቤታችን ስትመጣ አሥር ዓመት ገደማ ይሆነኛል። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛ የምታውቀው ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ ገበያ ወጥታ ድንቿን ለመሸጥ ያህል ነው። ክፉ አልሠራችብኝም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ደግ በሆነችልኝ ቁጥር ነበር የምናደደው። እናቴ ብዬ እንዳልጠራት አፌ እንቢ አለ፤ በስሟ እንዳልጠራት ነውር ነው። ስለዚህ ዓመታት ሙሉ በምንም አልጠራኋትም። የምፈልገው ነገር ሲኖር ጠጋ ብዬ እስክታየኝ ድረስ እቆማለሁ። እሷም ታየኝና «ምን ላድርግልህ?» ትለኛለች። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ቤታችን ለጥርባ ሐይቅ ቅርብ ነው። ዘንገናም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ሁለቱንም እንደ ጓሯችን እናውቃቸዋለን።

ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። በእሳቸው ዘንድ ትምህርት ማለት ቃል በቃል ነው። ከመምህር ቃል ላይ መጨመር ድፍረት ነው፤ መቀነስም ያስገርፋል። ቅኔ ቤት ገብቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እዚያ የትናንቱን ደግመህ ብትመጣ መሳቂያ ነው የምትሆነው፤ በየቀኑ የራስህን አዲስ ቃል ማምጣት አለብህ። እኔ ግን ቅኔ ቤት ሳልደርስ አባቴ ዳንግላ ወስዶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ስለዚህ ከመሪጌታ የወሰድሁት የትምህርታቸውን ግማሽ፣ ማስታወሱን ብቻ ነበር። በዚያ ግማሽ አንደኛ እየወጣሁ፣ ከዳንግላ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደረስሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባማ አፌ ተሳሰረ። የአዲስ አበባ ልጆች ከመምህሩ ጋር በእንግሊዝኛ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ። እኔ ከአገውኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እስክሻገር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አንድ ቀን እንደ ምንም ብዬ ተነሣሁና አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ከኋላ አንዱ አነጋገሬን አስመስሎ ደገመው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጥያቄ የሚባል ከአፌ አልወጣም። ከማንም ጋር አላጠናሁም፤ አልገባኝም ማለት አገሬን ሁሉ ማዋረድ መሰለኝ። ደብተሬን እንደ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝሁት።

የጂኦግራፊው መምህራችን ፈረንጅ ነው፤ ረጅም፣ ጆሮው በፀሐይ የቀላ። በዓመቱ ፈተና ላይ «እሳተ ገሞራ ሐይቅን እንዴት እንደሚፈጥር በምታውቁት ቦታ ምሳሌ አስረዱ» የሚል ጥያቄ አመጣ። እኔ ሆዬ፣ እሱ ክፍል ውስጥ የነገረንን የጣሊያን ሐይቅ ከነጥልቀቱ፣ ከነስፋቱ፣ አንዲት ቃል ሳላዛንፍ ገለበጥሁለት። ሌሎቹንም ጥያቄዎች እንደዚሁ። ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እንደ መሪጌታ «ተባረክ» የሚለኝ መስሎኝ ነበራ! ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ቀለም «ይህ የእኔ ቃል ነው፤ ያንተስ ቃል የታለ?» ተብሎ ተጽፎበታል። ወደቅሁ። በመስከረም ድጋሚ ትፈተናለህ፣ ያን ካላለፍህ ዕቃህን ሸክፈህ ትሄዳለህ ተባልሁ።

በሐምሌ ዝናብ አገሬ ገባሁ። ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ቃል አያበዛም።

«ታመህ ነበር?» አለኝ።

«የለም፣ አልታመምሁም።»

«እህ» አለና ወደ በሬዎቹ ሄደ።

ነገሩን ያነሣችው አክስቴ ናት። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እሱን ያሳደገች፣ በቤታችን ቃሏ የሚደመጥ ሴት ነበረች። እኔንም ትወደኛለች፤ ክፋቷ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ፍቅር ነው። መውደቄን ስትሰማ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ብድግ አለች።

«በሶው!» አለች። «ስንቁን ማን ነው የሠራችለት? እንዲህ ያለ ራስ የነበረው ልጅ በባዶ ሜዳ አይወድቅም። አብሾ አድርጋበታለች!»

አብሾ የሚሉት ተክል ነው። የጥንት የአብነት ተማሪዎች አእምሮ ይከፍታል እያሉ ይወስዱት ነበር። መጠኑ ያለፈበት ሰው ግን ራሱን ይስታል፣ የያዘውን ሁሉ ይረሳል ይባላል። በእኛ አገር ጎበዝ ተማሪ በድንገት ከሰነፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እውነት ነው፣ የስንቄን በሶ ቆልታ ፈጭታ፣ በአዲስ ስልቻ ያሰረችልኝ እንጀራ እናቴ ነበረች።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። በሶው ምንም እንደሌለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያንኑ በሶ እየበጠበጠ ከእኔ እኩል የጠጣው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በማዕረግ ነው ያለፈው። ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። አልተናገርሁም። አብሾ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለማ! ራሴን አቀርቅሬ ዝም አልሁ፤ አክስቴም ዝምታዬን እንደ ምስክር ቆጠረችው።

«መስከረም ላይ ደግሞ ከወደቀ» አለች አክስቴ ለአባቴ፣ «ሽማግሌ ይቀመጣል። ይህች ሴት ወደመጣችበት ትመለሳለች።»

አባቴ አልተቃወመም። እንጀራ እናቴ ድንች የሞላ ቅርጫት ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ቅርጫቱን አስቀመጠችና ጭቃውን ከእግሯ ልታጥብ ወጣች።

በማግሥቱ ድንች ልንቆፍር እሷና እኔ ወረድን። ካፊያ አለ፤ ሁለታችንም ገሳ ለብሰናል። እኔ ደብተሬን በገሳው ሥር ደብቄ እየገለጥሁ አነበንባለሁ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች።

«ያ ፈረንጅ ምን ብሎ ነው የጠየቀህ?» አለችኝ በአገውኛ።

ገረመኝ። «ይቅርብዎ፣ ለእርስዎ አይገባዎትም» አልኋት። ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው እርስዎ ነበር የምላት።

«አይግባኝ። አንተ ንገረኝ እንጂ። ወንድሜ ቅኔ ተማሪ ነበር። ክረምት እቤት ሲመጣ እኔ ወተት እየናጥሁ እሱ ያወራልኝ ነበር። አልገባኝም ስለው ይናደዳል፣ ይሰድበኛል። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ያስባል። ተመልሶ ሲነግረኝ ግን ይገባኝ ነበር። እስኪ አንተም ንገረኝ።»

እየሳቅሁባት ጀመርሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም። የእንግሊዝኛውን ቃል አውጥቼ ስጥለው በአገውኛ የሚቀረኝ ባዶ እጄን ነው። ምድር ውስጥ እሳት አለ፤ እሳቱ ይፈነዳል፤ ጉድጓድ ይሆናል፤ ውኃ ይሞላዋል። በቃ፣ አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ተምሬ ያለኝ ይኸው ነው። እሷ ግን አልለቀቀችኝም።

«እሳቱ መሬቱ ውስጥ ሲኖር ለምን አይጠፋም?»

«እንጃ።»

«ወንዝ ካልገባበት ውኃው ከየት ይመጣል?»

«እንጃ አልሁ እኮ!»

«ታዲያ ደብተርህ ምን ይላል?»

ተናድጄ ዶማውን ወርውሬ ወደ ቤት ወጣሁ። ወንድሟ እንዳደረገው መሆኑ ነው። ጋቢ ተከናንቤ መጽሐፉን ከመጀመሪያ ገጽ ጀመርሁት፤ በዚህ ጊዜ ልሸመድደው ሳይሆን ልመልስላት። ለካ መልሱ ሁሉ እዚያው አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ክረምቱ እንዲህ ሆነ፦ ጠዋት አነባለሁ፣ ከቀትር በኋላ ድንቹ ማሳ ውስጥ ትጠይቀኛለች። የገባት ሲመስላት «እህ» ትላለች፤ ያልገባት እንደሆነ መቆፈሯን ትተው ታየኛለች። ያች አስተያየቷ ከማንኛውም ፈተና ትከብድ ነበር።

አንድ ከሰዓት የጣሊያኑን ሐይቅ አወራኋት። ዙሪያው እንደ ድስት አፍ ክብ ነው፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፣ ወንዝ አይገባበትም፣ ዝናብና ምንጭ ነው የሞላው እያልሁ። ትሰማኛለች፣ ድንች ትለቅማለች።

«አንተ» አለችኝ ድንገት፣ «ይህ እኮ ጥርባ ነው!»

ጥርባ! ሽማግሌዎቻችን ሰርገኛ ከነሙሽራው የሰመጠበት ነው እያሉ ያስፈራሩን፣ ዕድሜዬን ሁሉ አፋፉን ይዤ ያለፍሁበት ጥርባ! ፈረንጁ «በምታውቁት ቦታ» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የማውቀው ቦታ ለመምህር የማይነገር መስሎኝ አይቼው የማላውቀውን የጣሊያን ሐይቅ ሰጠሁት። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! ማሳው ውስጥ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ እሷም ምን እንዳሳቀኝ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

በማግሥቱ ጥርባ አፋፍ ላይ ወሰደችኝ። አዎ፣ እሷ ናት የወሰደችኝ። ከእግሯ ሥር ቀለል ያለ፣ የወንፊት ያህል የተበሳሳ ጥቁር ድንጋይ አነሣች። ሴቶቹ ተረከዛቸውን የሚፈትጉበት ድንጋይ ነው።

«ይህ ድንጋይ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ።

«ድንጋይ ነዋ።»

«ዳቦ ቆርሰህ አታውቅም? ሊጥ ኩፍ ካላለ ዳቦው ቀዳዳ አያወጣም። ይህም ድሮ እንደ ሊጥ ፈልቶ፣ እየተንተከተከ ሳለ የደረቀ ነው። አንተ ስለ እሳቱ ስታወራልኝ ነው የገባኝ።»

መጽሐፉ ስለ ጋዝና ስለ ቀዝቃዛ አየር ያለውን ነገር አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን እሷ ድንጋዩን በመዳፏ ገልብጣ ስታሳየኝ ነው። እንዴት ያለች ሴት ናት እያልሁ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሚፈረድባት በእኔ ፈተና ነው። እሷ ግን ስለዚያ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔው ነገሩን ላነሣ ስንተባተብ አቋረጠችኝ። «ዝም ያልኸው ፈርተህ ነው። አውቃለሁ። ከቤት የወጣሁ እንደሆነ ሁለተኛ ትዳር የለኝም፤ እሱንም አውቃለሁ። አሁን ተፈተንና እለፍ» አለችኝ። ይህን የተናገረችው እንጨት እየፈለጠች ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የምመለስበት ቀን ደረሰ። አክስቴና ጎረቤቶች ሊሸኙኝ ተሰብስበዋል። እንጀራ እናቴ ከጓዳ ወጣች፤ በእጇ የበሶ ስልቻ ይዛለች። በሰው ፊት፣ እንደገና በሶ! አክስቴ አፏን ያዘች። እሷ ስልቻውን ፈታች፣ ጭብጥ ሙሉ ዘገነች፣ ቆማ አላመጠችና ዋጠች። ከዚያ ሌላ ጭብጥ ዘግና ለአባቴ ዘረጋችለት። አባቴ አየኝ፣ እህቱን አየ፣ ተቀብሎ ጎረሰ። ያን ጊዜም ልናገር እችል ነበር። ስልቻውን ተቀብዬ ከቤት ወጣሁና አውቶቡስ ተሳፈርሁ። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ እያፈርሁ ሄድሁ።

በመስከረሙ ፈተና መምህሩ በትውልድ ቦታችን አቅራቢያ ያለ የመሬት ገጽታ መርጠን አፈጣጠሩን እንድናስረዳ ጠየቀን። ጥርባን ጻፍሁ። እንግሊዝኛዬ አንካሳ ነው፤ ግሡ ከስሙ ጋር ይጣላል፤ ግን አልቆምሁም። ወንዝ ሳይገባበት እንዴት እንደሞላ ጻፍሁ። የተበሳሳው ድንጋይ እንደ ዳቦ ሊጥ እየፈላ የደረቀ መሆኑን ጻፍሁ። በሳምንቱ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስለ ሊጡ የጻፍሁት ሥር ተሰምሮበታል።

«አልፈሃል» አለኝ። «ይህን ግን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው?»

«ከመጽሐፍ አይደለም» አልሁት።

«ከማን ነው?»

«ከእናቴ» አልሁት።

ለአባቴም ሆነ ለራሷ ሳልናገር የቆየሁትን ቃል መጀመሪያ የሰማው ያ ጆሮው የቀላ ፈረንጅ ነው። ከቢሮው ወጥቼ አንዱ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁና አለቀስሁ። የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጻፍሁ። ያኔ ደብዳቤ የሚጻፈው ለአባት ነው፤ ሴቶቹ መጨረሻ ላይ ሰላም ይባላሉ። እኔ ግን ፖስታው ላይ የእሷን ስም ጻፍሁ። በዚያው መንገድ ለሚመላለስ ነጋዴ ሰጥቼ ላክሁት።

የሆነውን ኋላ የነገረኝ አባቴ ነው። ደብዳቤውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መሪጌታ ናቸው ያነበቡት። ስሟን ሲጠሩ እሷ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞረች። ሲጨርሱ አክስቴ «እስኪ አንዴ ይድገሙልኝ መሪጌታ» አለች። ደገሙት። በማግሥቱ አክስቴ ማንም ሳይጠራት ማለዳ መጥታ ከእንጀራ እናቴ ጎን ቆማ ቀኑን ሙሉ ስታርም ዋለች። አክስቴ እንደዚያ ነበረች፤ ስትሳሳት እንደ በረዶ ነው፣ ስትመለስም ሙሉ ሰው ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽማግሌ ያወራ የለም።

በሚቀጥለው ክረምት ስመለስ እናቴን ድንቹ ማሳ ውስጥ አገኘኋት። «እናቴ» ብዬ ተጣራሁ። ቀና ብላ አየችኝና የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችኝ። ከዚያ ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለውን ደብዳቤ አወጣች። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። አልገለጠችውም። እንደያዘችው፣ ዓይኗን ጥርባ ወዳለበት አድርጋ፣ በዚያ የገበያ አማርኛዋ ማውራት ጀመረች።

«ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል። ፈተናውን አልፌያለሁ። ባለፈው የወደቅሁት በበሶው አይደለም። በሶው ንጹሕ ነበር፤ ከእኔ ጋር የጠጣው ጓደኛዬ አልፏል። የወደቅሁት የሰው ቃል ስደግም ነው። ይህን እያወቅሁ ስትወቀሺ ዝም አልሁ። ያለፍሁት አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው። ይህ ደብዳቤ በአክስቴ ፊት ይነበብ። ልጅሽ።»

አንዲት ቃል አላዛነፈችም። ማንበብ የሚችለውን ሁሉ፣ መሪጌታን፣ የትምህርት ቤቱን አስተማሪ፣ ያለፈ ያገደመውን ተማሪ ስታስነብብ ከርማ ቃል በቃል ይዛዋለች። ግማሹን አማርኛ እንደማታውቀው እኔ አውቃለሁ። እየሳቅሁ፣ እንባዬም እየመጣ፣ በአገውኛ ጠየቅኋት።

«ይህስ የእኔ ቃል ነው። እስኪ በራስሽ ቃል ንገሪኝ፤ ምን ይላል?»

ደብዳቤውን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። ስለ ፈተናው አላነሣችም፤ ስለ ማለፌም አላነሣችም።

«‘የትም አትሄጂም’ ነው የሚለው» አለችኝ።